ፈረሱ ብዙ፣ ኮቴው ጥቂት

«ስንት ፈረስ ነው?»

ስለ መኪና ወሬ በተነሣ ቁጥር ከተማሪዎቻችን አንደበት ቀድማ የምትወጣው ጥያቄ ይህች ናት። በተለይም ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ መባቻ በአሜሪካ የተሠሩት፣ ኮፈናቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ነጎድጓድ የሆነው «ጡንቸኛ መኪኖች» ሥዕል ከታየ፣ ክርክሩ በፈረስ ቁጥር ይጀመርና በፈረስ ቁጥር ያልቃል። አንዱ 400 ሲል ሌላው 450 ብሎ ይረታዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ የተሻሻለ ሞተር ጠቅሶ ሁለቱንም ያሸንፋል። መኪናዋ ግን በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ስንዝር አልተንቀሳቀሰችም።

የፊዚክስ መምህራን እንደ መሆናችን ወጣቶች ስለ ሞተር መከራከራቸው ደስ ያሰኘናል እንጂ አያስከፋንም። ቅር የሚያሰኘን፣ በወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር በሜዳ ላይ ከተለካ ቁጥር ጋር እኩል መታየቱ ነው። ይህ ስሕተት በመኪና ወሬ ብቻ ቢወሰን ኖሮ ብዕር ባላነሣን ነበር። ይሁንና ያው ስሕተት በቤተ ሙከራችን ጠረጴዛ ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ በየሳምንቱ እናገኘዋለን። ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ ስለ አንዲት አሮጌ አሜሪካዊት መኪና እያወጋን ስለ ራሳችን እንድንነጋገር እንጋብዛችኋለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጡንቸኛዋ መኪና ከወዴት መጣች?

በ1964 የሞዴል ዓመት የጄኔራል ሞተርስ ክፍል የነበረው ፖንቲያክ ጂቲኦ የተባለችውን መኪና ለገበያ አቀረበ። በጆን ደሎሪያን ይመራ የነበረው የመሐንዲሶች ቡድን የፈጸመው ተግባር በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነበር፤ ለትልቅ መኪና የታሰበውን ባለ 8 ሲሊንደር፣ 6.4 ሊትር ሞተር አንሥቶ በመካከለኛ መኪና ውስጥ አስቀመጠው። የድርጅቱ ደንብ በመካከለኛ መኪና ውስጥ እንዲህ ያለ ትልቅ ሞተር እንዳይገባ ይከለክል ስለ ነበር፣ ጂቲኦ መጀመሪያ የቀረበችው ራሷን የቻለች ሞዴል ሆና ሳይሆን፣ በሌላ ሞዴል ላይ በተጨማሪ ክፍያ የምትመረጥ ማሻሻያ ሆና ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ32,000 በላይ ተሸጡ። ሌሎቹም አምራቾች ተከተሉ፤ የፉክክሩም ጫፍ በ1970 በ7.4 ሊትር ሞተርና በ450 የፈረስ ጉልበት የቀረበችውን ሼቭሮሌ ሼቬልን የመሰሉ መኪኖች አስገኘ።

ዘመኑ ግን አጭር ነበር። የኢንሹራንስ ክፍያ ናረ፤ በ1970 የአየር ንጽሕና ሕግ ወጣ፤ በ1973 የነዳጅ ቀውስ ተከተለ። ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ፤ መኪኖቹ ግን በባለቤቶቻቸው እጅ ቀሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። እስከ 1971 ድረስ በማስታወቂያ ይጻፍ የነበረው የፈረስ ቁጥር በአብዛኛው የሚለካው ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ፣ በመለኪያ መድረክ ላይ ታስሮ፣ ማርሚታውን የመሳሰሉት አቅም የሚቀንሱ ዕቃዎች ሳይገጠሙለት ነበር። በ1972 ሞዴሎች ግን ሞተሩ መኪና ውስጥ እንደሚሠራው ሁሉ ዕቃው ተሟልቶ እንዲለካ ተደረገ። በዚህም ምክንያት የኮርቬት መደበኛ 5.7 ሊትር ሞተር በ1971 270 ፈረስ ተብሎ ሲታወጅ፣ ከሞላ ጎደል ያው ሞተር በ1972 200 ፈረስ ሆኖ ተገኘ። ታዲያ 70ዎቹ ፈረሶች ወዴት ጠፉ? የትም አልጠፉም፤ ድሮውንም ከወረቀቱ ወጥተው አያውቁም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአበው ተረት እንዲህ ላለው ሀብት የተነገረ ይመስላል።

ሁለት ጌቶች ያሏት መኪና

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በካሊፎርኒያ ወጣቶች የተሻሻሉ መኪኖቻቸውን በደረቁ የሐይቅ ወለሎችና በሕዝብ መንገድ ላይ ይወዳደሩ ነበር። በ1950 በሳንታ አና የአውሮፕላን ማረፊያ መደበኛ የመወዳደሪያ ሜዳ ተከፈተ። በ1951 ደግሞ ዋሊ ፓርክስ የብሔራዊ ሆት ሮድ ማኅበርን መሠረቱ፤ ከዓላማዎቹም አንዱ ወጣቱን ከጎዳና አንሥቶ ሥርዓትና ደንብ ወዳለው ሜዳ ማምጣት ነበር። ርቀቱ ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ያህል ሆነ። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው በመብራት ምልክት ይነሣሉ፤ ከ1963 ጀምሮ በአገልግሎት ላይ የዋለው ይህ የመብራት ምሰሶ «የገና ዛፍ» ይባላል። የፊት ጎማ በመነሻው መሥመር ላይ የተዘረጋውን የብርሃን ጨረር ሲለቅ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፤ በመንገዱም ላይ ሌሎች ጨረሮች አሉ። በመጨረሻ ለነጂው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትሰጠዋለች፤ የመጀመሪያውን 18 ሜትር፣ የመንገዱን አጋማሽና ሙሉውን ርቀት በስንት ሰከንድ እንደ ጨረሰ፣ በመጨረሻም ላይ ፍጥነቱ ስንት እንደ ነበር ተጽፎባታል።

የምንነጋገርባት መኪና እንግዲህ ለጎዳናም ለሜዳም የተሰናዳችው ናት። በሰሌዳዋ፣ በራሷ ጎማ እየተነዳች ወደ ሜዳው ትሄዳለች፤ ትወዳደራለች፤ ማታ ባለቤቷን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ለሁለት ጌቶች የሚገዛ አገልጋይ ሁሌም በጭንቅ ይኖራል፤ የዚህች መኪና ሳይንሳዊ ውበትም ከዚሁ ጭንቅ የሚመነጭ ነው።

የኪዩብ ሥር ምክር

በዕለት ንግግራችን ኃይል፣ ጉልበትና አቅም የሚሉት ቃላት ይቀላቀላሉ። በዚህ ጽሑፍ ፎርስ የሚባለውን «ኃይል»፣ ኢነርጂ የሚባለውን «ጉልበት»፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚሰጠውን የጉልበት መጠን ደግሞ «አቅም» እንለዋለን። የፈረስ ጉልበት እንግዲህ በስሙ ጉልበት ይባል እንጂ በትርጉሙ አቅም ነው፤ አንዱ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ያህል ይሆናል።

አሁን አንዲት መኪና የሞተሯን ሙሉ አቅም ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለማቋረጥ ትጠቀማለች እንበል፤ የአየርንም መከላከል ለጊዜው እንተው። አቅም በጊዜ ሲባዛ የተሰጠውን ጉልበት ይሰጠናል፤ ያም ጉልበት የመኪናዋ የእንቅስቃሴ ጉልበት ይሆናል። የእንቅስቃሴ ጉልበት ደግሞ ከፍጥነት ካሬ ጋር የሚያድግ በመሆኑ፣ ፍጥነቷ ከጊዜው ስኩዌር ሥር ጋር ብቻ ይጨምራል። ይህን ይዘን ርቀቱን ስናሰላ፣ ሩብ ማይሉን ለመጨረስ የሚያስፈልገው ጊዜ ከክብደትና ከአቅም ንጽጽር ኪዩብ ሥር ጋር ተመጣጣኝ ሆኖ እናገኘዋለን። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን በራሳቸው ወረቀት ላይ እንዲያረጋግጡት አደራ እንላለን።

የኪዩብ ሥር ምክሩ ትሕትና ነው። አቅሙ በእጥፍ ቢያድግ የመጨረሻው ፍጥነት በእጥፍ አያድግም፤ በ26 ከመቶ ብቻ ይጨምራል። ጊዜውም በ21 ከመቶ ብቻ ይቀንሳል። ጊዜውን በግማሽ ለማሳጠር የሚሻ ሰው 8 እጥፍ አቅም ያስፈልገዋል። የመኪና ጉዳዮች ጸሐፊ የነበሩት ሮጀር ሀንቲንግተን ይህንኑ የኪዩብ ሥር ግንኙነት ከመኪኖች የሜዳ ውጤት ተነሥተው በልምድ ደርሰውበት ነበር፤ በ1973 ደግሞ ጄፍሪ ፎክስ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ በአሜሪካ የፊዚክስ ጆርናል ላይ ነገሩን ከፊዚክስ መርሖዎች አንጻር አብራሩት። ልብ በሉ፤ ልኬቱ ቀደመ፣ ማብራሪያው ተከተለ።

አንድ የቶርኖ ባለሙያ ያስተማሩን

ለዶክትሬት ትምህርት በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ በነበርንባቸው ዓመታት፣ የሙከራ መሣሪያዎቻችንን በቶርኖ እየቀረጹ የሚያበጁልን አንድ አዛውንት ባለሙያ ነበሩ። የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጡም፤ ነገር ግን የሚሊሜትር መቶኛ ሲጎድል በጣታቸው ዳብሰው ያውቁ ነበር። በ1967 የተሠራች ሼቬል ነበረቻቸው። ሞተሩን በገዛ እጃቸው ፈትተው፣ ካምሻፍቱን ለውጠው፣ የቴስታታውን የአየር መተላለፊያ አስፍተው፣ ትልቅ ካርቡራቶር ገጥመውላት ነበር። በመለኪያ ከበሮ ላይ ስትለካ እስከ ጎማው ድረስ የሚደርሰው አቅም 300 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 225 ኪሎዋት ያህል ሆነ። ከነነጂዋ ወደ 1,700 ኪሎግራም ትመዝናለች።

እኛም ያን ጊዜ እውቀታችንን ለማሳየት ቸኩለን፣ ከላይ የገለጽነውን ስሌት በቡና ቤት ወረቀት ላይ ሠርተን «በ11.1 ሰከንድ ትገባለች» ስንል ተነበይን። አዛውንቱ ወረቀቱን አዩት፤ አልሳቁም፣ አልተከራከሩምም። በቀጣዩ ቅዳሜ ወደ ሜዳው ይዘውን ሄዱ። መኪናዋ ተነሣች፤ የኋላ ጎማዎቿ በጭስ ተሸፈኑ፤ ጩኸቷ ሜዳውን ሞላው። ወረቀቷ ስትመጣ የተጻፈባት ግን 14.6 ሰከንድ ነበር። ከ3 ሰከንድ በላይ ተሳስተናል። አዛውንቱ የቡና ቤቱን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው መለሱልንና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦

«ጎማው በዚህ ሒሳብ ውስጥ የታለ?»

ኮቴው

እውነት ነው፤ ጎማው አልነበረም። መኪና የሚገፋው ሞተሩ ሳይሆን መሬቱ ነው። ሞተሩ ጎማውን ያዞራል፤ ጎማው መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ መሬቱም በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት መኪናዋን ወደ ፊት ይገፋታል። ይህ ግፊት ደግሞ በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ካለው ሰበቃ ሊበልጥ አይችልም። ሰበቃውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የጎማው የመያዝ ብቃትና በሚነዱት የኋላ ጎማዎች ላይ ያረፈው ክብደት።

የእነዚያ መኪኖች ከባድ የብረት ሞተር ከፊት ስለሆነ፣ ቆመው ሳሉ ከክብደታቸው 44 ከመቶ ያህሉ ብቻ በኋላ ጎማ ላይ ያርፋል እንበል። የጎዳናው ጎማ የሰበቃ ቁጥር 0.8 ቢሆን፣ መኪናዋ ስትነሣ ወደ ኋላ የሚዛወረውን ክብደት ጨምረን ስናሰላ፣ ልታገኝ የምትችለው ከፍተኛ ሽምጠጣ ከመሬት ስበት ሽምጠጣ 0.41 እጅ ገደማ ነው። ይህን ሽምጠጣ ለማስገኘት 6,900 ኒውተን ያህል ኃይል ይበቃል። በ225 ኪሎዋት ላይ ይህ ኃይል የሞተሩን ሙሉ አቅም የሚፈልገው መኪናዋ በሰዓት 117 ኪሎሜትር ገደማ ስትደርስ ነው። ይህ ማለት ከዚያ ፍጥነት በፊት ከፈረሶቹ ከፊሉ ሥራ ፈት ነው፤ በግድ ሥራ ከተሰጠውም የሚያመርተው ጭስ ብቻ ነው። ፈረሱ ብዙ፣ ኮቴው ጥቂት ማለታችን ይህንን ነው።

ስሌቱን በዚህ መንገድ ስናርመው 14.3 ሰከንድ አገኘን። ከተለካው 14.6 ጋር ያለው ልዩነት እንኳን ስም አለው፤ የአየር መከላከልና ማርሽ ሲቀየር የሚባክነው ቅጽበት ነው።

አሁን ሁለት አማራጮችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው፣ ጎማውን ሳንነካ በሞተሩ ላይ 60 ፈረሶችን መጨመር ነው። በዚሁ ስሌት የሚገኘው ጥቅም 0.15 ሰከንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ሞተሩን ሳንነካ ለሜዳ የተሠራውን ጥርስ የሌለው፣ ሰፊና ለስላሳ ጎማ መግጠም ነው። የሰበቃ ቁጥሩ 1.5 ቢደርስ፣ በተዛወረው ክብደት ተረድቶ፣ ሽምጠጣው ወደ 0.92 እጅ ከፍ ይላል፤ ጊዜውም ከ14.3 ወደ 11.9 ሰከንድ ይወርዳል። 2.4 ሰከንድ! የሚያስገርመው ደግሞ የመጨረሻው ፍጥነት ብዙም አለመለወጡ ነው፤ በሰዓት ከ188 ኪሎሜትር ወደ 195 ከፍ ቢል ነው። ልምድ ያላቸው ተወዳዳሪዎች ወረቀቷን እንደ ሐኪም የሚያነቡት በዚህ ምክንያት ነው። የመጨረሻው ፍጥነት ስለ ሞተሩ ይመሰክራል፤ ጊዜው፣ በተለይም የመጀመሪያው 18 ሜትር፣ ስለ ኮቴው ይመሰክራል።

አዛውንቱ ይህን ሁሉ ያለ ስሌት ያውቁት ነበር። ባትሪውን ከሞተሩ ጎን አንሥተው ወደ ኋላ ዕቃ መጫኛው አዛወሩት፤ የፊት ሞላዎቹ አፍንጫዋ በመነሻ ጊዜ ቀና እንድትል አለሰለሷቸው፤ የውድድር ዕለት የሜዳውን ጎማ ገጠሙ። በዚያው ሞተር 12.6 ሰከንድ ገባች። ይህን ያወቁት ግን በመላ አልነበረም። ዘይት የነካው አንድ ደብተር ነበራቸው። በየአንዳንዱ ገጽ ላይ የዕለቱ ሙቀት፣ የአየር ግፊት፣ የጎማው ነፋስ መጠን፣ የተለወጠው ነገርና የተገኘው ሰዓት ተጽፎበታል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይለውጡም ነበር። ያልሠራውንም ለውጥ አይሰርዙትም፤ «አልጠቀመም» ብለው ጽፈው ያልፉ ነበር። እኛ በሦስት የተለያዩ ትምህርቶች «የሙከራ ዘዴ» ተብሎ የተማርነውን ነገር በእውነት ሲሠራበት ያየነው በዚያ ደብተር ነው።

ጎዳናው የሚጠይቀው ዋጋ

ታዲያ ለሜዳ የሚበጀው ሁሉ ለምን ዘወትር አይገጠምም? ሁለተኛው ጌታ፣ ጎዳናው፣ ስለማይፈቅድ ነው። ጥርስ የሌለው ጎማ ዝናብ ሲመጣ ውኃውን የሚያስወግድበት መንገድ የለውም። የዲፈረንሻሉ ንጽጽር ከ3.31 ወደ 4.10 ቢለወጥ መኪናዋ ፈጥና ትነሣለች፤ ነገር ግን በሰዓት 100 ኪሎሜትር ስትጓዝ ሞተሩ በደቂቃ 2,600 ገደማ ይዞር የነበረው ወደ 3,250 ያህል ከፍ ይላል፤ ነዳጁም ድምፁም አብሮ ይጨምራል። ለከፍተኛ ዙር የተሠራ ካምሻፍት በመብራት ላይ ስትቆም ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል። ቤንዚኑን አብዝቶ የሚያምቅ ሞተር ብቃቱ ከፍ ይላል፤ ግን ቤንዚኑ ከጊዜው ቀድሞ እንዳይፈነዳ የተሻለ ነዳጅ ይሻል። በ1960ዎቹ ይህን ችግር ይፈታ የነበረው ቤንዚኑ ውስጥ የሚጨመረው እርሳስ ነበር፤ ያ መፍትሔ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ስለ ነበር በአሜሪካ ለመንገድ መኪኖች ከ1996 ጀምሮ ፈጽሞ ተከልክሏል። ነጻ የሆነ ጥቅም የለም፤ አንዱን ስንይዝ ሌላውን እንለቃለን። ምሕንድስና ማለት የቱን እንደምንለቅ አውቀን መልቀቅ ነው።

«እነዚህ መኪኖች ነዳጅ የሚያባክኑና አየር የሚበክሉ ያለፈ ዘመን ቅርሶች አይደሉምን?» የሚሉን ይኖራሉ። ናቸው። ዛሬ ሩብ ማይሉን ከ10 ሰከንድ በታች የሚጨርሱ፣ ከፋብሪካ እንደ ወጡ ለጎዳና የሚሸጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች አሉ። ይሁን እንጂ እነርሱም መሬቱን የሚገፉት በአራት ቁራጭ ላስቲክ ነው። ሞተሩ ተለወጠ፤ ኮቴው አልቀረም።

አንድ ማሳሰቢያ ግን ሳንናገር አናልፍም። ይህ ሁሉ የሜዳ ወግ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ የእንቅስቃሴ ጉልበት በአራት እጥፍ ያድጋል፤ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚፈጀውም ርቀት እንዲሁ። በሜዳው ላይ እንኳን፣ የመጨረሻው ፍጥነት እጅግ እየበዛ ስለ ሄደና በአንድ ነጂ ላይ የሞት አደጋ ስለ ደረሰ፣ በ2008 የከፍተኛዎቹ ክፍሎች ርቀት ከ402 ወደ 305 ሜትር ገደማ አጥሯል። ልጆች በሚሻገሩበት ጎዳና ላይ የሚሽቀዳደም ሰው ፊዚክስን አያውቅም፤ ወይም እያወቀ ይክዳል።

ትንበያና ምስክር

ከዚያ ሜዳ ያየነውና እስከ ዛሬ ያልረሳነው ሌላ ነገር አለ። ተራው ሰው የሚሳተፍበት የውድድር ዓይነት ብራኬት ይባላል። በዚህ ውድድር እያንዳንዱ ነጂ ከመነሣቱ በፊት መኪናው በስንት ሰከንድ እንደምትገባ ይተነብያል፤ ትንበያውንም በመስኮቱ ላይ ይጽፈዋል። ዘገምተኛዋ መኪና በትንበያዎቹ ልዩነት ያህል ቀድማ ትነሣለች። ስለዚህ 15 ሰከንድ የምትፈጅ አሮጌ መኪና 11 ሰከንድ የምትፈጀውን ልታሸንፍ ትችላለች። ከራሱ ትንበያ ፈጥኖ የገባ ነጂስ? አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋል። አዎን፤ ስለ ፈጠነ ይሸነፋል፤ መኪናውን አላወቃትምና።

አዛውንቱ የሚወዳደሩት በዚህ ነበር። በጠዋቱ አየር 12.58 ብለው ይጽፋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳና ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ 12.66 ብለው ያርሙታል። ከዚያም ወረቀቷ መጥታ 12.67 ስትል ፊታቸው ላይ የምናየው ደስታ፣ ታላላቅ ተመራማሪዎች ስሌታቸውና ልኬታቸው ሲገናኙ ከሚሰማቸው ደስታ በምንም እንደማያንስ ዛሬ በሙሉ ልብ እንመሰክራለን። ሳይንስ ኃይለኛውን የሚሸልም ውድድር አይደለም። የሚሸልመው ሊሆን ያለውን አስቀድሞ በግልጽ ጽፎ፣ ከዚያም በልኬት ፊት ለመቆም የሚደፍረውን ነው።

9.81

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በአንደኛ ዓመት ቤተ ሙከራ ተማሪዎች በፔንዱለም የመሬትን ስበት ሽምጠጣ ይለካሉ። ከሚቀርቡልን ሪፖርቶች ብዙዎቹ አዲስ አበባ ላይ ተለክቶ 9.81 ተገኘ ይላሉ። ትክክል ይመስላል፤ መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበችና ከባሕር ጠለል በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ በእርሷ ላይ ያለው ትክክለኛ መጠን ከ9.78 እንኳን ጥቂት ያነሰ ነው። በጥንቃቄ የለካ ተማሪ ይህንን ልዩነት ሊያየው ይችላል። እንግዲህ ያ ሁሉ 9.81 ከወዴት መጣ? ከመጽሐፉ ተነሥቶ ወደ ኋላ ተሰላ እንጂ ከፔንዱለሙ አልመጣም። እኛም ተማሪ ሳለን ያደረግነው ስለሆነ ይህን የምንናገረው ለመውቀስ አይደለም። ጥፋቱም የተማሪው ብቻ አይደለም፤ «ትክክለኛ መልስ» ላመጣ ሙሉ ነጥብ ሰጥተን፣ 9.6 አግኝቶ የስሕተቱን ምንጭ በቅንነት የመረመረውን ነጥብ የምንቀንስ መምህራን እኛው ነን።

አዛውንቱ 14.6 ያለችውን ወረቀት አጥፍተው 11.1 ብለው ቢጽፉ ኖሮ ሞኝ የሚሆኑት ራሳቸው ነበሩ፤ መኪናዋ በጽሕፈት አትፈጥንም። ያችን መጥፎ ወረቀት በደብተራቸው ስለ ለጠፏት ግን ወደ 12.6 የሚወስደው መንገድ ተገለጠላቸው። የተሳሳተው ልኬት ሳይሆን የተደበቀው ልኬት ነው የሚያከስረን። አንድ ቀን ድልድይ የሚገነባ፣ መድኃኒት የሚመዝን፣ የኤሌክትሪክ መሥመር የሚዘረጋ ሰው ዛሬ በፔንዱለም ላይ የለመደውን ነው ያን ጊዜ የሚሠራው።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ በየቤተ ሙከራው ተማሪው መሣሪያውን ከመንካቱ በፊት ትንበያውን በቀለም ይጻፍ፤ ነጥብም የሚሰጠው በትንበያውና በልኬቱ መካከል ያለውን ልዩነት ላብራራበት ይሁን። ሁለተኛ፣ እጅ የሚያውቀውን እውቀት አንናቅ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባለ እጅን ስለ ሙያው መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሰው ንቀቱ ሥር ስለ ሰደደ ነበር፤ ሥሩም ገና ፈጽሞ አልተነቀለም። በየጋራዡ፣ በየቶርኖ ቤቱ፣ በየጎሚስታው ዘንድ ሰበቃን፣ ግፊትንና ሙቀትን በጣታቸው የሚያነቡ ሰዎች አሉ። ተማሪዎቻችን ደብተራቸውን ይዘው ወደ እነርሱ ቢሄዱ፣ እነርሱም ወደ ቤተ ሙከራችን ቢጋበዙ፣ ሁለታችንም ተጠቃሚ እንሆናለን።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አበው። የጡንቸኛዋም መኪና ፈረሶች እንዲሁ ናቸው። እንግዲህ፣ ውድ ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው ጊዜ የዚያች ረጅም ኮፈን መኪና ሥዕል በእጃችሁ ሲገባ «ስንት ፈረስ ነው?» ከማለታችሁ በፊት ሌሎቹን ሁለት ጥያቄዎች አስቀድሙ፦ ምን ተተነበየ? ምንስ ተለካ?